የግንበኛው ሚስት ድስት

«ድስት የያዘችው ትውረድ!»

ጋሪው ገና መንቀሳቀሱ ነበር። በሬዎቹ ጎተቱ፣ መንኮራኩሩ ሲጥ ብሎ ጭቃውን ለቀቀ፤ እኔም በባሌ መራጃና በመሮዎቹ መሀል ተወሽቄ ድስቴን በበግ አጎዛ ጠቅልዬ ታቅፌያለሁ። እፎይ ልል አፌን ስከፍት አጋፋሪው ፈረሱን መንገዱ ላይ አጋድሞ ቆመ። ሁለት ጦር ያዦች ከኋላው አሉ።

«ድስት የያዘ ሰው ብዙ ነው፤ የትኛዋን ነው?» አልኩት።

«ምላስ ያላትን።»

ጋሪው ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ከዳተኞች።

የመጣነው ግምብ ልንሠራ ነው። ጌታችን ከዚህ አገር ንጉሥ ጋር ሲታረቅ፣ ንጉሡ ወርቅም ፈረስም አልጠየቀም። «ግንበኞችህን ላክልኝ» አለ። የእርቁ መክፈያ እኛ ሆንን። ግምቡ ሲያልቅ ትመለሳላችሁ ተባለ፤ ተማለ፣ ተገዘተ። ባሌ ከግንበኞቹ አንዱ ነው። ግንበኛ ደግሞ ይበላል፤ ስለዚህ እኔን አስከተለ። ሴት ልጃችንን ጡት ባስጣልኳት ሰሞን ለእህቴ ሰጥቼ ነው የወጣሁት። አሁን ውሃ ትቀዳለች አሉ፤ ከአገር የመጣ ነጋዴ ነው የነገረኝ። እኔ የማውቃት ቂጧን መሬት ላይ እየጎተተች ስትሄድ ነው። እንስራ ተሸክማ ልስላት ስሞክር ፊቷ አይመጣልኝም፤ እንስራው ብቻ ነው የሚመጣው።

«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ይባላል። ተጭኜም ተለጉሜም አይቼዋለሁ፤ እሱስ ይቻላል። የማይቻለው የአፍ ነገር ነው። ባቄላው ባቄላ ነው፣ ሽንኩርቱም ሽንኩርት ነው፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን የሌላ ሰው ልብስ እንደ መልበስ ነው። ውሃቸው ባቄላ የማያለሰልስ፣ እንጨታቸው ችኩል፤ ቦግ ይልና ድስቱን ሳያሞቀው ይከስማል። መጀመሪያ ሰሞን ወንዶቹ አንድ ጎርሰው እርስ በርስ ይተያያሉ። ምንም አይሉም፤ ቢሉ ይሻለኝ ነበር። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያለው ሰውዬ ከደጁ ወጥቶ አያውቅም መሰለኝ። የተለዋወጠው ጉልቻ አገር ሲሆን ሌላ ነው።

እልኸኛ ነኝ፤ እናቴም «ይህች ልጅ ከበሬ ጋር ብትጣላ በሬው ይቅርታ ይጠይቃል» ትለኝ ነበር። ባቄላውን አስረዝሜ ዘፈዘፍኩ፣ እርጥብ ግንድ ከደረቁ ጋር ቀላቅዬ እሳቱን አደብ አስገዛሁት፣ ማማሰያውን ከእጄ ሳልለይ ሽንኩርቱን አቁላላሁ። አንድ ቀን የግንበኞቹ አለቃ አንድ ጎርሶ ማላመጡን አቆመ። አለቃ ቱምቢ ነው የምንለው፤ ሰውየው ራሱ እንደ ቱምቢ ገመድ ቀጥ ያለ ነው፣ አይስቅም። ተነስቶ ከግምቡ ኋላ ዞረ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«ጭሱ ነው» አለ።

ጭስ አልነበረም። ምድጃው ከጠፋ ቆይቷል።

ትናንት ግምቡ አለቀና የግቢው አዛዥ ሊመረምር መጣ፤ አናቱ ብር በሆነ ዘንግ ድንጋዩን እየኮረኮረ ዞሮ ሲጨርስ ምሳችን ላይ ደረሰ። ቅመሱ አልኩ። ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ? እንግዳ ነው። ቀመሰ። ጨመርኩለት። እሱም ጎርሶ ግምቡን ሳይሆን እኔን አየኝ። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር።

አሁን ያ አዛዥ ራሱ በቅሎውን እያዘገመ ከአጋፋሪው ኋላ ብቅ አለ። ቋንቋቸውን እዚያው ጭቃ ስረግጥ ለምጄዋለሁ፤ ያለኝን ሁሉ ሰማሁት።

«የንጉሡ ሞግዚት ምግብ ትተዋል። ንጉሡን ያጠቡት፣ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በልጅነታቸው ተማርከው የመጡ ናቸው፤ ካንቺ አገር ነው ይላሉ፣ እሳቸው ግን አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ዛሬ ታበስዪላቸዋለሽ። ከበሉ እዚሁ ጓዳ ትቀሪያለሽ። ካልበሉ ሂጂ፣ ማን ይፈልግሻል።»

አለቃ ቱምቢ ከፊተኛው ጋሪ ወርዶ መጣ። «ጌታዬ፣ ንጉሡ ግንበኞቹ ሁሉ ይሂዱ ብለው ምለዋል።»

«ብለዋል። እሷ ግንበኛ ናት?»

አዛዡ ዘንጉን ወደ ሸለቆው ቀሰረ። «ወንዙ እየሞላ ነው። ዛሬ ያልተሻገረ ክረምቱ ሳይወጣ አይሻገርም። እናንተ ሂዱ። እሷ ከተፈታች በፈረስ ትደርስባችኋለች።»

ባሌ ከጋሪው ዘሎ ወረደ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ሲወርድ መሬቱ ይሰማዋል። «እኔም እቀራለሁ» አለ።

«አንተ ብትቀር ልጅቷን ማን ያያታል?» አልኩት። «ሂድ። መሻገሪያው ላይ ጠብቀኝ።»

«ብትቀሪስ?»

«ብቀር ደግሞ የደጃፉን ድንጋይ አስተካክለህ ኑር።»

ይህን ለክፋት አይደለም ያልኩት። ቤታችን ደጃፍ ላይ አንዲት ጎባጣ ድንጋይ አለች። የሚገባ ሁሉ ያቺን ሳይረግም አይገባም፤ አማቴ ጥፍሯን ነቅላባታለች። ባሌ የሰውን ግምብ በቱምቢ እየለካ ሲያቆም፣ የራሱን ደጃፍ «ነገ፣ ነገ» ሲል ወጣን። እና ሰው ሁሉ አገሬ ሲል ተራራውን፣ ሜዳውን ያነሳል፤ እኔ ግን ሌት ተቀን የምትታየኝ ያቺ ጎባጣ ድንጋይ ነበረች። እግሬን ብትመታኝ ብዬ እመኛለሁ። እብደት ነው።

ባሌ ድስቱን ሊያቀብለኝ ጎንበስ አለና በጆሮዬ፣ «አሳርሪው» አለኝ።

«ምን?»

«ባቄላውን። አሳርሪው።»

ከተዳርኩ ጀምሮ ድስት አርሮብኝ አያውቅም። ጎረቤቶቼ ሲያርርባቸው ጠረኑ በአጥር ሲመጣ አፍንጫዬን ይዤ የምስቅ ሰው ነኝ። ድፍን መንደሩ ያውቀዋል። «በገዛ እጄ?» አልኩት።

«ልጅቷን እያሰብሽ» አለና ፊቱን አዞረ።

የቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት ጋሪ ከነበሬው ያስገባል። መዳብ ሰታቴው በግድግዳው ዙሪያ ተሰቅሏል፤ የስጋ ማንጠልጠያው፣ የዱቄት ጎታው፣ የውሃው ጋን፣ ሁሉም በየማዕረጉ ቆሟል። በመሀል የወጥ ቤቷ ሹም በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ በርጩማው ግን አይታይም። ጭልፋ እያሉ ነው የሚጠሯት፤ ከወገቧ ስለማትለየው ነው።

«አንቺ ነሽ ባለባቄላዋ?» አለችኝ። «እሜቴ እኮ የኔን ጠቦት መልሰዋል። የኔን የማር ዳቦ መልሰዋል።»

«መመለሳቸው ጤና ነው» አልኩ።

ሴቶቹ ሳቅ አፈናቸው። ጭልፋ ግን አልተቆጣችም፤ ወደ እኔ ዘንበል ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚ፣ የሰው አገር ሴት፣ እኔም እንድትቀሪ አልፈልግም። እዚህ ቤት ሁለት ጭልፋ አያስፈልግም። ምን ይጎድልሻል? ጨው ልጨምርልሽ?»

ልመልስላት ስል አዛዡ ገባ። ድስቴን በዘንጉ ነካ ነካ አደረገና፣ «እጅሽን ትናንት ቀምሼዋለሁ» አለ። «ዛሬ ሌላ እጅ ካገኘሁ ተንኮል ነው እላለሁ። ባልሽ ገና ወንዙን አልተሻገረም። ፈረሰኛ ይቀድመዋል።»

እንግዲህ ይህ ነው የገባሁበት። ባጣፍጥ እቀራለሁ፤ ባበላሽ ባሌ ይያዛል። ጭልፋ ጨውዋን ይዛ ሹልክ አለች።

ጉልቻ መረጥኩ፣ እሳት አነደድኩ። ሽንኩርቱን ስከትፍ ያለ ሽንኩርቱም ላለቅስ እችል ነበር፤ አላለቀስኩም። አቁላላሁ። ባቄላውን ጨመርኩ። እጄ እንደ ልማዱ ማማሰያውን ሊያነሳ ሄደ። መለስኩት። ተመልሶ ሄደ። በመጨረሻ ማማሰያውን ከበታቼ አድርጌ ተቀመጥኩበት። እዚያ ቁጭ ብዬ ድስቱን አየዋለሁ፣ እሱም ያየኛል። መጀመሪያ ፈላ፣ ቀጥሎ ወፈረ፣ ቀጥሎ ዳር ዳሩ ጠቆር አለና ያ ጠረን መጣ። ከታች የሚጀምረው። ሰውነቴን ሁሉ በላኝ። ድስቱ እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝ ነው፤ ልጄን በእሳት ላይ ጥዬ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

«አረረ!» አለች አንዷ ከጋኑ ጋ።

«ሴትዮ፣ አረረብሽ እኮ!»

«ይረር!» ልል ነበር፤ ምላሴን ነከስኩና ብድግ ብዬ ጮህኩ። «እንጨታችሁ ነው! ይህ ችኩል እንጨታችሁ! ግንድ አምጡ ብል ጭራሮ ታመጡልኛላችሁ? ወይኔ ድስቴን!»

ጩኸቱ የውሸት ነበር። «ወይኔ ድስቴን» ያልኩት ግን እውነቴን ነው።

አዛዡ መጣ። አሸተተ። ዓይኑ ጠበበ። ሌላ ላብስል ብዬ እንደ ተርበተበተ ሰው ወዲያ ወዲህ አልኩ። «አይሆንም» አለ። «ከነድስቱ ይዘሽው ነይ። ከሳቸው ፊት እናየዋለን።»

የሞግዚቷ ክፍል በደረጃ ነው የሚወጣው። ሐር መጋረጃ ያለው ከፍ ያለ አልጋ፣ ምንጣፍ፣ የብር ኩስኩስት፤ ዳሩ ላይ ያልተነካ ዳቦ፣ ያልተነካ ወተት፣ የደረቀ ስጋ። እሳቸው ግን አልጋው ላይ አይደሉም፤ መስኮቱ ስር ወለል ላይ ተቀምጠዋል። ከስተው ከስተው ዓይን ብቻ ቀርተዋል። በመስኮቱ የሚታየው የእኛ ግምብ ነው። አዲስ፣ ነጭ፣ ቀጥ ያለ።

ገና ከበሩ ሳልገባ አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ።

«ማን ነው ያሳረረው?»

በእኛ ቋንቋ ነው። እንደ ልጅ አፍ ያለ፣ ድሮ የቀረ ቋንቋ፤ ግን የእኛ። ሰው ሁሉ ረስተውታል ሲል የኖረው ቋንቋ ነውና አዛዡ ደነገጠ፤ ምን እንዳሉ ግን አልገባውም።

«እኔ ነኝ፣ እሜቴ» አልኩ።

«ወዲህ በይው።»

ድስቱን ከፊታቸው አስቀመጥኩ፤ ጣባ ስፈልግ ጣታቸውን ሰደዱ። አንዴ ላሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደገና ሰደዱ። ከዚያ ከላይ ያለውን ደህናውን ገፋ ገፋ አድርገው ከስር ያለውን ጥቁሩን መፋቅ ያዙ። እኔ እንዲህ ያለ አበላል አይቼ አላውቅም። ጥርስ የላቸውም፤ በድዳቸው ያላምጡታል።

«እናቴ አጥር ላይ ተደግፋ ከጎረቤት ጋር ወሬ ስትሰልቅ ሁልጊዜ ታሳርረው ነበር» አሉ። «አባቴ ይጮሃል፣ እሷ ትስቃለች፤ ጥቁሩን የምፍቀው እኔ ነኝ። የመጡብንም እሷ አጥሩ ጋ ቆማ ሳለ ነው። ድስቱ እሳት ላይ ነበር።» ፋቁ፣ ጎረሱ። «ይኸው ማን አነሳው ስል ኖርኩ።»

ጣባ መፈለጌን ትቼ ድስቱን ወደሳቸው ጠጋ አደረግሁት።

«ምን ይላሉ?» አለ አዛዡ ከበሩ።

አልመለሱለትም። «አገር ቤት፣ ከኮረብታው ስር ሁለት አፍ ያለው ምንጭ ነበር። አለ?»

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። መዋሸት አልችልበትም። «ደርቋል፣ እሜቴ። አያቶቻችን ሲያወሩ ነው የሰማነው።»

«ዋርካውስ?»

«መብረቅ ጥሎታል።»

ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነ። «ታዲያ ምን ቀረሽና ነው ለመሄድ የምትጣደፊው? ሰምቻለሁ። እንድትቀሪ ነው ያመጡሽ።»

«ልጅ አለችኝ። እንስራ ትሸከማለች አሉ። ፊቷን አላውቀውም።»

ጣታቸው ድስቱ ውስጥ ቆመ። ከዚያ በአገጫቸው መስኮቱን አሳዩኝ። «በዚህ መስኮት የአገሬ መንገድ ይታየኝ ነበር። ከማዶ ያለው ኮረብታ፣ ከኮረብታው ቀጥሎ የሚወርደው መንገድ። ማንም አያውቅም፤ ንጉሡም አያውቅም። አንድም ቀን ስለ አገሬ አልተናገርኩም፤ መስኮቱ ስለነበረ አልተናገርኩም። የማነው ይህ ግምብ?»

«የባሌ ነው፣ እሜቴ። የባሌና የጓደኞቹ።»

«ቀጥ አድርጎ ነው የደረደረው» አሉ። «ቀዳዳ እንኳ አልተወልኝም።»

ትናንት ያ ግምብ ሲያልቅ እልል ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ብንጨርሰው እንሄዳለን ብዬ ጭቃውን በእግሬ ረግጬለታለሁ። እዚያ ወለል ላይ ተንበርክኬ እግሬን ከቀሚሴ ስር ደበቅሁት።

«ሆን ብለሽ ነው ያሳረርሽው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እሜቴ።»

«እዚህ ብትቀሪ በየቀኑ ታሳርሪልኝ ነበር?»

ይህን ሲጠይቁኝ አላዘዙኝም። ለመኑኝ። ያን የመሰለ ትልቅ ሰው፣ ንጉሥ ያጠባ ጡት፣ ለመነኝ። አንድ ቃል፣ «እሺ» ብል በቂ ነበር። አላልኩም። ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ደፋሁ፤ ግትር ነኝ። ቀና ብል ዓይናቸው ያሸንፈኛል።

መጨረሻ ላይ ጣታቸውን ቀሚሳቸው ላይ ሲጠርጉ ሰማሁ። ቀጥለው የጮሁት በቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ነው፤ ያ ድምፅ ከዚያ ደረት እንዴት ወጣ እስካሁን ይገርመኛል።

«አዛዥ! ልትገድሉኝ ነው?»

አዛዡ ዘሎ ገባ። «እሜቴ... በልተዋል እኮ!»

«የበላሁት የክፋቷን ልክ ላየው ብዬ ነው! ይህች ሴት ወጥ አታውቅም! ማማሰያ እንኳ አይታ አታውቅም!»

«ትናንት ግን ቀምሼላት...»

«ትናንት የቀመስክ ርቦህ ነው። የራበው ሰው ድንጋይም ይጣፍጠዋል። በጓዳዬ እንድትታይ አልፈልግም፤ ከፊቴ አጥፉልኝ፤ ዛሬውኑ ወንዙን ትሻገር!»

ወጥ አታውቅም። እኔን። እዚያም ተንበርክኬ እያለሁ ደሜ ፈላ፤ አፌን ልከፍት ምንም አልቀረኝም። የሰው ልጅ ጉድ ነው።

«ድስቷስ?» አለ አዛዡ፣ ተሸንፎ።

«ይወረስ» አሉ። «ቅጣቷ ነው። እዚሁ ይቀመጥ፤ ማንም እንዳያጥበው።»

እንግዲህ ስነሳ በእኛ ቋንቋ፣ ቀስ ብለው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩልኝ፣ «ሳልጸጸት ሂጂ» አሉ። ከስር የቀረውን ጥቁር አየሁት። ለጥቂት ጊዜ ይፋቃል። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ነው ያለው።

ጭልፋ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። «ድሮም አላልኩም?» አለች። እጇ ግን እጄን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀው።

አጋፋሪው ፈረሱ ላይ ከኋላው አስቀምጦ አደረሰኝ። ወንዙ ደፍርሶ ግንድ እያንከባለለ ነው፤ ጋሪዎቹ ሁሉ ተሻግረዋል። አንድ ሰው ብቻ ወዲህ ማዶ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆሟል። ሲያየኝ እጁን እንኳ አላነሳም። አለቃ ቱምቢ ከማዶ ገመዱን ወረወረልን፤ ባሌ ወገቤ ላይ አስሮ፣ ትከሻዬን ይዞ አሻገረኝ። ውሃው ደረቴ ደረሰ። አንዴ እግሬ ድንጋይ መታና ጮህኩ። ደስ አለኝ።

ማዶ ወጥተን ጋሪው ላይ ስንቀመጥ እጄ ባዶ መሆኑን አየ።

«ድስትሽስ?»

«ተወረሰ።»

«አሳረርሽው?»

«አሳረርኩት።»

«ተፉት አይደል? አልበሉማ?»

በሬዎቹ ጎተቱ። ወደ ኋላ ዞር አልኩ። ግምቡ ከዚህ ሁሉ ርቀት ይታያል፤ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ቀዳዳ የሌለው። ባሌም አየው፤ በራሱ ሥራ ፊቱ ፈካ አለ። የመስኮቷን ነገር ልነግረው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህም አልነገርኩትም።

«ውለታሽ አለብኝ» አለ። «ደርሰን እቃ ሳላወርድ፣ ያቺን የደጃፍ ድንጋይ ነቅዬ አስተካክልልሻለሁ። ሙች።»

«እንዳትነካት» አልኩት።